ድልድዩ ለምን ፈድሉ በር ላይ አረፈ

እስኪ ያንን የእግረኛ ድልድይ እዩት። ከዊንጌት ወረድ ብላችሁ ቀለበት መንገዱ ዳር ቁሙና ቀና በሉ። አረንጓዴ ቀለሙ ተልጦ ዝገቱ የወጣው፣ በወዲህም በወዲያም አርባ ስድስት አርባ ስድስት ደረጃ ያለው። ቆጥሬዋለሁ። አሁን ዓይናችሁን በደረጃው ላይ አውርዱት። የመጨረሻው እርከን የት ነው የሚያርፈው? የፈድሉ ሱቅ በር ላይ። ራቅ ብሎ አይደለም፣ ጎኑም አይደለም፤ በሩ ላይ። ከደረጃው የወረደ ሰው ወደደም ጠላም ከፈድሉ ብስኩትና ሳሙና ጋር ፊት ለፊት ይገጣጠማል።

አሁን ደግሞ መንገዱን ተከትላችሁ አራት መቶ እርምጃ ወደ ላይ ሂዱ፤ ድሮ ወፍጮ ቤት ወደነበረበት። እዚያ ጋ መንገዱ ጉብታውን ሰንጥቆ፣ ሰርጎ ነው የሚያልፈው። ወዲህና ወዲያ ያለው መሬት ከመኪናው በላይ እኩል ለእኩል ይተያያል። እዚያ ላይ ድልድይ ቢዘረጋ አንድም ደረጃ አይፈልግም። ከሳሎን ወደ ጓዳ እንደመግባት ነው። ይሄን ለማየት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፣ ዓይን ይበቃል። እኔ ስምንተኛ ክፍልን ያልጨረስኩ ሰው አይቼዋለሁ።

ታዲያ ለምን ደረጃ የሚፈልገው ቦታ ላይ ተተከለ? ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አልጠየቀም። መልሱን የሚያውቀው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በየቀኑ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ደረጃ የሚወጣውን ሰው ሲያይ ይውላል።

ፈድሉ እኩያዬ ነው፤ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ሱቁን የከፈቱት ከስልጤ የመጡት አባቱ ናቸው፤ እሳቸው ሲያልፉ እሱ ያዘው። ሰፈሩ ውስጥ የማን ልጅ በየትኛው ብስኩት እንደሚያለቅስ፣ የማን ቤት ዘይት መቼ እንደሚያልቅ ያውቃል። የእጅ ጽሑፉ ያምራል። በእጅ ጽሑፉ ምክንያት ገና በወጣትነቱ የእድራችን ጸሐፊ አደረግነው። እድራችን የሁሉም ነው፤ ሙስሊሙም ጴንጤውም ኦርቶዶክሱም አንድ ድንኳን ስር ነው የሚያለቅሰው። ሰብሳቢያችን ዋቅቶላ የመካነ ኢየሱስ ሰው ነው። ሳይቀልድ ሁለት አረፍተ ነገር አይናገርም፤ ለቅሶ ቤት እንኳን።

ቀለበት መንገዱ ሊሰራ ሲል ሰፈራችን እንዲህ ነበር። ቤቶቹ ከታች። መስጊዱ፣ ወፍጮ ቤቱና የእድሩ ዕቃ ቤት ከላይ። በመሃል አንድ የእግር መንገድ ነበር፤ ወፍጮ ቤት መንገድ እንለዋለን። ሬሳም፣ ሙሽራም፣ እህል የጫነ አህያም በሱ ነው የሚያልፈው። አዲሱ መንገድ ይሄን መሃሉን ሊቆርጠው ሆነ። የመንገዱ ሰዎች መጡና አንድ የእግረኛ ድልድይ እንሰራላችኋለን፣ ሁለት አማራጭ አለ፣ ነዋሪው ተሰብስቦ ይምረጥ አሉ።

ጸሐፊው ፈድሉ ነው ስብሰባውን የጠራው። በእድር አጠራር ነው የጠራው። ለፋፊው ጎህ ሲቀድ በየበሩ እየዞረ፣ «ነገ ሦስት ሰዓት ስብሰባ አለ! የቀረ ይቀጣል!» አለ። የቀረ ይቀጣል ከተባለ ማን ይቀራል? መቶ አሥራ ሁለት ሰው መጣ። ፈድሉ ደብተሩን ገልጦ ቆመ።

«ሁለት ቦታ አምጥተዋል፤ አንዱ ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ አንዱ ታክሲ መቆሚያው ጋ። ለሁላችንም የሚመቸው ታክሲው ጋ ያለው ነው። የምትደግፉ እጅ አውጡ» አለ።

እዚህ ላይ ቁሙልኝ። እድር ላይ እጅ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ ሌላ ሰፈር ያለ ሰው ላይገባው ይችላል። እኛ ጋ እጅ ማውጣት አለሁ ማለት ነው እንጂ ተስማምቻለሁ ማለት አይደለም። ጸሐፊው እጅ አውጡ ሲል ታወጣለህ፣ ስምህ ይያዛል፣ ከቅጣት ትድናለህ፣ ወደ ሥራህ ትሄዳለህ። ጸሐፊን መቃወም ደግሞ ነውር ነው፤ ነገ ሬሳህን የሚመዘግበው እሱ ነው። ስለዚህ መቶ አሥራ ሁለታችንም አወጣን። እኔማ ሁለት እጅ ነው ያወጣሁት፤ አንዱ ለራሴ፣ አንዱ ገበያ ለሄደችው ባለቤቴ። በቃ። የከተማችን ካርታ በዚህ ተወሰነ። ወፍጮ ቤቱ ጋ የሚሰራው ደረጃ እንደማይፈልግ ማንም አልነገረን፤ እኛም አልጠየቅንም።

ቀለበት መንገድ ሲባል ብዙ ሰው ከተማ በመንገዱ ዳር ዳር የሚያድግ ይመስለዋል። ውሸት ነው። መንገዱ ለሚዞረው እንጂ ለሚሻገረው አልተሰራም። ሰዓት ይዤ ለክቻለሁ፤ አንድ መኪና ሰፈራችንን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማለፍ ሃያ ሰከንድ አይፈጅበትም። በሃያ ሰከንድ ለሚያልፈን ሰው ምን እንሸጥለታለን? ከተማ የሚያድገው መንገዱ በተበሳበት ነው፤ መውጫው ጋ፣ መሻገሪያው ጋ፣ መዞሪያው ጋ። እነዚህ ቀዳዳዎች የት ይሁኑ ብሎ የወሰነ ሰው ማን ይክበር፣ ማን ይድረቅ ብሎ ወስኗል።

እኛ ጋ እንዲህ ሆነ። በድልድዩ እግር ስር መጀመሪያ ታክሲዎቹ በዙ። ከዚያ ዳቦ የምትሸጥ መጣች፣ ከዚያ ሲም ካርድ፣ ከዚያ ሞባይል ጠጋኝ፣ ከዚያ ፋርማሲ። ከዚያ ባለ ሦስት ፎቅ። የፈድሉ ሱቅ አንድ በር የነበረው ሦስት በር ሆነ። ወፍጮ ቤት መንገድስ? በአጥር ተዘጋ። ወፍጮው ቆመ፤ እህል የሚያመጣ ሰው በአርባ ስድስት ደረጃ አይመጣማ። መንገዱ ዳር የነበሩት ቤቶች በራቸውን አዞሩ። እውነቴን ነው፤ የፊቱን በር በብሎኬት ደፍነው የጓሮውን ግድግዳ አፈረሱና በር አወጡለት። እኔም አዙሬያለሁ። አሁን የቤቴ ፊት ቆሻሻ መጣያ ነው፣ ጓሮዬ ደግሞ ፊት ሆኗል። አንዲት እንግዳ ብትመጣ የምትገባው በሽንት ቤቱ በኩል ነው። የከተማ እድገት እኔ ጋ የደረሰው በዚህ መልክ ነው።

ወደ ፈድሉ ልመለስ። ከጸሐፊነት ወርዶ የዕቃ ቤት ኃላፊ ሆነ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ በሱ ቁልፍ ስር ነው። ዕቃ ቤቱ ያለው ከላይ፣ ለቅሶው የሚበዛው ከታች። እያንዳንዱ ለቅሶ ላይ ዕቃው በድልድዩ መውረድ አለበት። ወንበሩና ድስቱ እንደምንም ይወርዳል። የድንኳኑ ብረቶች ናቸው ችግሩ። አሥራ ሁለት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ስድስት ሜትር። የታችኛው ደረጃ መሃል ላይ መታጠፊያ አለ፤ ጠባብ ናት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። ስድስት ሜትር ብረት እዚያች መታጠፊያ ላይ አይዞርም። በቁም ይዘህ ብታወርደው የመብራት ሽቦ አለ። ሁለት ዓመት ታገልን፣ አንድ ልጅ ጥርሱ ወለቀ፣ በመጨረሻ እድሩ ተሰብስቦ ብረቶቹ ከመሃል ይቆረጡ፣ ሲተከሉ በቧንቧ ይቀጠሉ ተባለ።

ፈድሉ አሥራ አንዱን አስቆረጠ። አንዱን እምቢ አለ።

«አንዱ ይቅር።»

«ለምን?» አለ ዋቅቶላ።

«ይቅር ብያለሁ። ለመለኪያ።»

«የምን መለኪያ? ይሄ ስስታም! ብረት ሲቆረጥ እንኳን ያመዋል እንዴ!» ሰዉ ሳቀ። ፈድሉ አልሳቀም። ያልተቆረጠውን ብረት ዕቃ ቤቱ ጣሪያ ስር በሁለት ገመድ አንጠለጠለው፤ እዚያው ቀረ።

የተቀጠለ ብረት ድንኳን አይወጥርም። ድንኳናችን መሃሉ ላይ ይረግባል። ዝናብ ሲመጣ ውሃው እዚያ ይጠራቀምና እንደ ላም ጡት ይንጠለጠላል፤ አንዱ ተነስቶ በመጥረጊያ እጀታ ካልገፋው ለቀስተኛው ራስ ላይ ይወርዳል። ሌላ ሰፈር ለቅሶ ሄጄ የተወጠረ ድንኳን ሳይ ዓይኔን አላምንም።

የዛሬ ስምንት ዓመት በነሐሴ የፈድሉ እናት እማማ ዓሊማ አረፉ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነበር። ከታች፣ ከሱቁ ጀርባ ነው የሚኖሩት፤ ሊሰገድባቸው ወደ ላይ፣ ወደ መስጊዱ መሄድ አለባቸው። ሙስሊም ሬሳ አይቆይም። መኪናስ? ትሉኛላችሁ። መኪናውማ እስከ ታችኛው መዞሪያ ወርዶ፣ ዞሮ፣ ተመልሶ መምጣት አለበት። ያን ቀን ዝናቡ መንገዱን ዘግቶት ነበር። ደግሞም ጀናዛ በትከሻ ነው። ሰው ሁሉ ትከሻውን ለማስገባት ይሽቀዳደማል፤ አሥር እርምጃ ይሸከምና ለሌላው ይለቃል። አጅር፣ የፈጣሪ ዋጋ፣ አለዋ። በወፍጮ ቤት መንገድ ሳለን ሰዉ እንደ ወንዝ ነበር የሚሸኘው። ድልድዩ ላይ ግን ቃሬዛው ስር ከአራት ሰው በላይ አይገባም። ሽማግሌዎቹ ታች ቆመው ቀሩ፤ ዝናብ እየመታቸው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው።

መታጠፊያዋ ላይ ቃሬዛው አልዞር አለ። አጋደሉት፤ አልሆነም። መለሱት፤ አልሆነም። የቀረው ምርጫ ከድልድዩ መደገፊያ ብረት በላይ ከፍ አድርጎ፣ አሻግሮ ማዞር ነው። እማማ ዓሊማ ለትንሽ ጊዜ ከድልድዩ ውጪ፣ ከመንገዱ በላይ አየር ላይ ነበሩ። ከስር ሲሚንቶ የጫነ መኪና ክላክሱን እየነፋ አለፈ። ፈድሉ ከራስጌ፣ ዋቅቶላ ከግርጌ ነበር የያዙት።

«ያዙ! ያዙ! እንዳትለቁ! እናታችንን!» ይል ነበር ዋቅቶላ። ያን ቀን አልቀለደም።

ተሻገሩ፣ ተሰገደባቸው፣ ተቀበሩ። ፈድሉ ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ። ለቅሶው ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ወደ ረገበው ድንኳን እያየ ተቀመጠ። እናቱ ናቸውና ሐዘን ነው አልን። ሱቁን ለልጁ ለአሽረፍ ለቀቀ። እሱ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ቁጭ ማለት ጀመረ። ዕቃ የያዘች ሴት ዓይኗ ደረጃው ላይ ሲቀር ሲያይ ብድግ ይልና ዘንቢሏን ተቀብሎ አርባ ስድስቱን ይወጣል። ስልሳ ዓመት የተጠጋው ሰው! ሰፈሩ «ፈድሉ ጽድቅ ፍለጋ ጀመረ» አለ። እኔም ሳቅኩ። ምን አውቄ።

ባለፈው ጥር ማስታወቂያ ተለጠፈ። ድልድዩ አርጅቷል፣ ለአደጋ ያጋልጣል፣ ይነሳል። አዲስ ይተከላል። ቦታው፦ ወይ አሁን ያለበት፣ ወይ ወፍጮ ቤቱ ጋ። ነዋሪው ተሰብስቦ ይምረጥ። ያው ወረቀት! ሃያ ሦስት ዓመት ቆይቶ ያው ወረቀት!

አሽረፍ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ብርቱ ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም። የሱቁን የፊት ግድግዳ አፍርሶ ሦስት ክፍል ሊሠራ፣ ለሚያከራያቸው ሰዎች ቃል ገብቶ ነበር። ሠርጉም ለሚያዝያ ተቆርጧል። ማስታወቂያውን ሲያይ ሳቀ።

«ይሄማ ያለቀ ነገር ነው» አለኝ፤ ሳሙና ልገዛ ሄጄ። «እዚህ ነው ሰዉ ያለው። ወፍጮ ቤቱ ጋ ማን አለ? አይጥ።»

«እኔ አለሁ» አልኩት።

«አንተማ አለህ ጋሼ፣ ግን በጓሮ ነው የምትገባው።»

እውነቱን ነው። ፈድሉ ወንበሩ ላይ ሆኖ ይሰማናል። ዞር ብሎ ልጁን አየው።

«አሽረፍ፣ ድልድዩ ወደዚያ ከሄደ ይሄ ሱቅ ምን ይሆናል?»

«ምን ይሆናል? ይሞታላ፣ አባ! ከታክሲው የወረደ ሁሉ ወደ ላይ ይሄዳል። የሱቃችን በር ላይ ድመት ትተኛበታለች። ለምን ትጠይቀኛለህ?»

«እንዲያው ነው» አለ ፈድሉ።

ስብሰባው ቅዳሜ ሦስት ሰዓት፣ የእድሩ ዕቃ ቤት ግቢ ውስጥ ሆነ። ለፋፊው አሁንም «የቀረ ይቀጣል» ብሏልና ሞልተናል። ከመንገዱ ሥራ የመጣችው መሐንዲስ ሚልካ ትባላለች፤ ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰች፣ ትሑት ልጅ። ቁጥር ይዛ መጥታለች።

«አሁን ባለው ድልድይ በቀን ወደ ሦስት ሺህ ሰው ይሻገራል» አለች። «ወፍጮ ቤቱ አካባቢ ግን የእግረኛ እንቅስቃሴ የለም።»

ብድግ አልኩ። «ሌላ መሻገሪያ ከሌለ በየት ይሻገር? በሰማይ? ዘግታችሁት ስታበቁ ሰው አይሄድበትም ትላላችሁ!»

«ተራህን ጠብቅ አንተ ሰውዬ!» አለ ዋቅቶላ። «የዘጋችው ልጅቱ አይደለችም፣ እሷ ያኔ ገና ጡት የጣለች ሕፃን ነበረች። እንግዲህ ጊዜ አናጥፋ፤ አሁን ያለበት ይሁን የምትሉ—»

እጆች መውጣት ጀመሩ። ልክ እንደዚያን ጊዜው፤ ሳያስቡ፣ ስማቸው እንዲያዝ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ስልኩን እያየ ነው እጁን ያወጣው።

«እጃችሁን አውርዱ» አለ አንድ ድምፅ።

ፈድሉ ነው። ከስብሰባው መሃል ተነሳና ዕቃ ቤቱን ከፍቶ ገባ። ገመድ ሲፈታ ተሰማ። ያንን ያልተቆረጠውን ብረት እየጎተተ ወጣ፤ አቧራው ልብሱን ሸፈነው።

«ልጄ፣ አንዱን ጫፍ ያዥልኝ» አላት ሚልካን።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«የድንኳን ብረት ነው። ለቅሶ ደርሰሽ አታውቂም? ከታች ሰው ሞቷል እንበል። ይሄን ወስደን ድንኳን እንተክላለን። ነይ።»

ግራ ገባት። ዋቅቶላን አየችው። ዋቅቶላ «እኔን አትዪኝ፣ ዘንድሮ ፈድሉን የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው» አላት። ያዘችው። ሁለቱ ብረቱን ተሸክመው ወደ ድልድዩ ሄዱ፤ እኛም ተከተልን። መቶ ምናምን ሰው በድልድዩ ላይ በተርታ፣ ታክሲ ተራው ቆሞ ያየናል።

የላይኛውን ደረጃ ብዙ ታግለው ወጡት። ማዶውን መውረድ ጀመሩና መታጠፊያዋ ላይ ተያዙ። ሚልካ ወደ ፊት ገፋች፤ ብረቱ አጥሩን መታ። ወደ ኋላ ሳበች፤ ፈድሉን ከመደገፊያው ጋር አጣበቀችው።

«እንዲህ ቢሆንስ?» አለች፣ ከፍ አድርጋ።

«ሞክሪ።»

«ሽቦ አለ!»

«አዎ፣ ሽቦ አለ።»

«በጎን ብናወጣው...» ብረቱን ከመደገፊያው ውጪ አሳለፈችው። ጫፉ መንገዱ ላይ ተንጠለጠለ። ከስር አንድ አይሱዙ ክላክሱን አንባረቀባት፤ ደንግጣ ወደ ራሷ ሳበችው። ላብ አጥምቋታል።

«አይዞርም፣ ጋሼ።»

«አይዞርም» አለ ፈድሉ። «ቃሬዛም እንዲሁ ነው። እናቴን እዚህ ጋ ነው፣ አንቺ አሁን ብረቱን እንዳወጣሽው፣ ከዚህ ውጪ ያወጣናት።»

ሚልካ የያዘችውን ጫፍ መደገፊያው ላይ አሳረፈች። «ወፍጮ ቤቱ ጋ እኮ ደረጃ አያስፈልገውም ነበር። የድሮውን ሥዕል አይቼዋለሁ፤ መጀመሪያም የታሰበው እዚያ ነው። ማን ነው ወደዚህ ያዞረው?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

ከኋላዋ የነበርነው ሰማን። ከላይ የቀሩት አልሰሙም፤ የመኪናው ጩኸት አያሰማም።

«ምን አለ?» አለ አንዱ ከላይ።

«ጮክ በል ፈድሉ! አልሰማንም!»

ፈድሉ ወደ ላይ ቀና አለ። የብረቱን ጫፍ አልለቀቀም። ጮኸ።

«ድልድዩን ወደዚህ ያመጣሁት ለሱቄ ነው! ያኛው ደረጃ እንደሌለው መሐንዲሱ ነግሮኝ ነበር! ደብቄያችሁ ነው! የቀረ ይቀጣል ብዬ የጠራኋችሁም እጅ እንድታወጡልኝ ነው!»

ነገሩ በደረጃው ላይ ከአንዱ ወደ አንዱ ተቀባበለ። ወደ ላይም ወደ ታችም።

«ምን አለ?»

«ለሱቁ ነው አለ።»

«ምኑን?»

«ድልድዩን! ለሱቁ ነው ያስመጣሁት አለ!»

በመጨረሻ የደረሰው ታች፣ ሱቁ በር ላይ የቆመው አሽረፍ ጋ ነው። ዳቦ ሻጯ ነች የነገረችው። ልጁ ወደ አባቱ ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ ወደ ሱቁ ገባ።

ዋቅቶላ መጀመሪያ ተናገረ። ፊቱ ቀልቷል።

«ያን ቀን የእህቴን ልጅ ሽምግልና ትቼ ነው የመጣሁት፣ ታውቃለህ? ቅጣት ፈርቼ! ልጅቱን ለሌላ ሰጧት!»

«አውቃለሁ» አለ ፈድሉ። «አፉ በለኝ። ሁላችሁም አፉ በሉኝ።»

«ደግሞ እኮ እሷ ካገባችው የተሻለ ነበር የኛ ልጅ!» አለ ዋቅቶላ። ሳቁ እዚህ ላይ መጣ፤ እንባም የተቀላቀለበት ሰው ነበር። እኔ ብዙ ልለው ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት የተጠራቀመ አለኝ፤ ስለ ወፍጮው፣ ስለ ቤቴ በር፣ ዝናብ ላይ ቆመው ስለቀሩት ሽማግሌዎች። ግን ሁለት እጅ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከመቶ አሥራ ሁለታችን አንዳችን እንኳን ቦታው ድረስ ሄደን በዓይናችን ብናይ ኖሮ የፈድሉ ተንኮል እዚያው ይሞት ነበር። አንድ ሰው ዋሸ፤ ሌላው ሁሉ ሰነፈ። የትኛው ይብሳል? እኔ እስካሁን አልወሰንኩም።

ተመልሰን ተሰበሰብን። ክርክር ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እድራችን ላይ ሰው ተከራከረ። ዳቦ ሻጯ፣ ባለ ፋርማሲው፣ ተራ አስከባሪዎቹ እዚሁ ይሁን አሉ፤ ኑሯቸው እዚህ ነው፣ አልፈርድባቸውም። እጅ ከመውጣቱ በፊት ሚልካ ሰዉን ሁሉ ይዛ ወፍጮ ቤቱ ጋ ሄደች፤ አጥሩ ላይ ቆመን ማዶውን አየን። ከዚያ ተቆጠረ። ሰባ አንድ ለወፍጮ ቤቱ፣ አርባ ስምንት ለታክሲው። አሽረፍ መጥቶ ነበር። አባቱን እያየ ለታክሲው አወጣ። ፈድሉም ልጁን እያየ ለወፍጮ ቤቱ አወጣ።

አሽረፍ ሦስት ቀን አላናገረውም። በአራተኛው ቀን ነገሩን በሌላ በኩል አመጣው።

«አባ፣ ሁላችንም ሳንጎዳ እንጨርሰው። ወፍጮ ቤቱ የሚከራይ ነው። ሱቁን ወደዚያ እናዙረው፣ ሰው ሳይቀድመን።»

ፈድሉ ራሱን ነቀነቀ። «ያኔ ድልድዩን ወደ ሱቄ አመጣሁት። አሁን ሱቄን ወደ ድልድዩ ብወስደው ምን ተለወጠ? አንተ ከፈለግህ በራስህ ስም ሌላ ቦታ ሥራ፣ አልከለክልህም። ይሄ እዚሁ ይቆያል።»

«ድመት ትተኛበታለች አልኩህ!»

«ትተኛበት። ድመትም ብስኩት ትበላለች።»

አሽረፍ ሳይወድ ሳቀ። ሠርጉ በሚያዝያ ተደረገ፤ ሦስቱ ክፍል ግን አልተሠራም። ልጁ አሁን ግማሽ ቀን እዚያው ሱቅ ነው፣ ግማሽ ቀን የዕቃ መኪና ይነዳል። ይሄም ዋጋ ነው፤ ዋጋ እንዳልተከፈለ አድርጌ አልጽፍም።

ችካሎቹ በመጋቢት ተተክለዋል። ቀይ ቀለም የተቀቡ፣ አራት በወዲህ አራት በወዲያ። እኔ የፊት በሬን ብሎኬት ማፍረስ ጀምሬያለሁ። ያ ብረት ወደ ዕቃ ቤቱ አልተመለሰም፤ ወፍጮ ቤቱ አጥር ላይ ተጋድሟል። ፈድሉ አዲሱ ድልድይ ሲከፈት መጀመሪያ የሚያልፈው ብረቱ ነው ብሎ ለሚልካ ነግሯታል። እሷም ወርዱን በብረቱ ለክታ ሰፋ አድርጋዋለች።

እናንተን የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። ሰፈራችሁ ውስጥ መንገድ ሊቆረጥ ወይም ድልድይ ሊተከል ስብሰባ ስትጠሩ፣ እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ቦታው ድረስ በእግራችሁ ሂዱ፤ ቃሬዛ ይዞርበት እንደሆነ እዩ። ሁለተኛው ቀላል ነው። የዛገው ድልድይ ሲነሳ ከታክሲ የሚወርደው ሰው ሁሉ ወደ ላይ ይሄዳል። በዚያ በኩል ስታልፉ ቀለበት መንገዱ በየቀኑ ሳይጠይቃችሁ እንደሚያዞራችሁ፣ አንድ ጊዜ ወዳችሁ ዙሩ፤ አራት መቶ እርምጃ ነው። ወርዳችሁ ከፈድሉ ሱቅ አንድ ሳሙና ግዙ።